ዋግ ከመታው ማሳችን የተማርሁት

በዚህ መጽሔት ላይ ከእኛ በፊት የነበሩት ተማሪዎች ስለ ጉብኝት ጉዟቸው፥ ስለ ስፖርት ውድድርና ስለ ወደፊት ምኞታቸው ብዙ መልካም ነገር ጽፈዋል። እኔም በዚህ ዓመት የመጻፍ ተራ በደረሰኝ ጊዜ፥ ከልጅነቴ ጀምሮ ከልቤ ያልወጣ አንድ ጥያቄ ስላለኝ ስለ እርሱ ለመጻፍ ቈረጥሁ። ጥያቄውም «ትናንት በሽታን የቻለ ስንዴ ዛሬ ስለ ምን ተሸነፈ?» የሚል ነው። ሙሉ መልሱን አግኝቻለሁ ብዬ አልመካም። ነገር ግን በፍለጋው መንገድ ላይ ያገኘሁት ትምህርት፥ ይልቁንም በአባቴ ፊት ያፈርሁበት አንድ ቀን፥ ለጓደኞቼ ይጠቅም ይሆናል ብዬ አስባለሁ።

አባቴ በአርሲ ደጋ ስንዴና ባቄላ የሚያመርቱ ገበሬ ናቸው። በ2006 ዓ.ም. መኸር እኔ የአምስት ዓመት ልጅ ነበርሁ። ዝናሙ መልካም ስለ ነበረ ስንዴው እስከ አገጬ ደርሶ ነበር፤ አባቴም ደስ ብሏቸው ጎተራውን አስቀድመው አስመርገው ነበር። በኅዳር ወር አንድ ቀን ግን ነጭ ቀሚስ ለብሼ በማሳው ውስጥ ለውስጥ ሮጬ ስወጣ፥ ቀሚሴ የሸክላ ዱቄት የተነሰነሰበት መስሎ ቀላ። እናቴ «ልብስሽን አቈሸሽሽ!» ብላ ልትቈጣኝ ስትነሣ አባቴ በእጃቸው ከለከሏት፤ የቀሚሴንም ጫፍ ይዘው ዱቄቱን በሁለት ጣቶቻቸው አሻሹት። ከዚያ በኋላ አንድ ቃል ሳይናገሩ ወደ ማሳው ወረዱ። ሲመለሱ ያሉት «ዋግ ነው» ብቻ ነበር።

ሕመሙ የግንድ ዋግ የሚባለው ነበር። ይህ ፈንገስ በስንዴው አገዳና ቅጠል ላይ ቀይ ቡናማ ቍስል እያወጣ ቆዳውን ይሰነጥቀዋል፤ ከቍስሉም እንደ አቧራ የሚበንነውን የፈንገሱን ዘር ነፋስ ተሸክሞ ከማሳ ወደ ማሳ ያደርሰዋል። ወደ ፍሬው መሄድ የሚገባውን ምግብ ፈንገሱ ስለሚበላው ፍሬው ተጨማዶ ይቀራል። እኛም በወቃን ጊዜ ከገለባ በቀር የሚሰፈር እህል እምብዛም አላገኘንም። በዚያ ዓመት አባቴ ከሁለቱ በሬዎቻቸው አንዱን ሸጡ፤ በሚከተለውም ክረምት ከጎረቤት ጋር በመቀናጆ አረሱ። ወንድም ጋሼ ደግሞ ሰባተኛ ክፍል ደርሶ ሳለ ትምህርቱን አቁሞ ወደ ቀን ሥራ ገባ። «እኔ ብቀር እርሷ ትማራለች» ማለቱን የሰማሁት ካደግሁ በኋላ ነው።

ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበል።

ያን ጊዜ የዘራነው ዲገሉ የሚባለውን የስንዴ ዓይነት ነበር። በ2010 ቢጫ ዋግ በአገራችን ስንዴ ላይ ብርቱ ጉዳት ባደረሰ ጊዜ ዲገሉ ችሎ ተገኘ። በ1998 በኡጋንዳ የታየውንና ኡጂ 99 የተባለውን አስፈሪ የግንድ ዋግም የሚቋቋም ስለ ሆነ፥ ገበሬው ሁሉ ዘሩን ተሻማበት። ነገር ግን ከ2013 ኅዳር እስከ 2014 ጥር ድረስ በባሌና በአርሲ የተነሣው የግንድ ዋግ ከኡጂ 99 ወገን ያልሆነ ሌላ ዝርያ ነበር። ዲገሉም ይህን እንግዳ ሊመክተው አልቻለም፤ በአንዳንድ ማሳ የጠፋው ምርት ወደ መቶ በመቶ ይጠጋ ነበር። እንግዲህ አባቴ የዘሩት ዘር ደካማ አልነበረም ማለት ነው። ጠላቱ ሌላ ሆኖ መጣ እንጂ።

ይህን ነገር በሚገባ የተረዳሁት ዐሥራ አንደኛ ክፍል ገብቼ የሥነ ሕይወት መምህራችን ስለ ጂን ሲያስተምሩን ነው። እርሳቸው እንዳስረዱን፥ ዋግን ከሚችሉት የስንዴ ዓይነቶች ብዙዎቹ ኀይላቸውን የሚያገኙት ከአንድ ወይም ከጥቂት ጂኖች ነው። እንዲህ ያለው ጂን የሚሠራው ፕሮቲን እንደ ዘበኛ ሆኖ አንድን የፈንገስ ምልክት ለይቶ ያውቃል፤ ምልክቱንም ባየ ጊዜ ተክሉን ያነቃል። ፈንገሱ ያን ምልክት የለወጠ ወይም የጣለ እንደ ሆነ ግን በዘበኛው ፊት ሲያልፍ ማንም አያውቀውም። እኔም እጄን አንሥቼ «ታዲያ ተክል ያለው መከላከያ ዘበኛ ብቻ ነውን? ዘበኛውንስ የሚያዘው ማነው?» ብዬ ጠየቅሁ። መምህራችንም ፈገግ ብለው «እርሱን በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ» አሉኝ። የሚቀጥለውም ክፍለ ጊዜ ፕሮቲን ስለማይሠሩ አርኤንኤዎች ነበር።

መምህራችን ነገሩን በመሥሪያ ቤት ምሳሌ ገለጡልን። ዲኤንኤ ከመዝገብ ቤት የማይወጣ ዋና መዝገብ ነው። አርኤንኤ ደግሞ ከዚያ መዝገብ የሚወጣ ግልባጭ ነው። ግልባጩ ወደ ሥራ ክፍል ሲደርስ በላዩ በተጻፈው ትእዛዝ መሠረት ፕሮቲን ይሠራል። ነገር ግን በሕዋስ ውስጥ ፕሮቲን የማይሠራባቸው ብዙ ግልባጮች አሉ። ከእነዚህም አንዳንዶቹ ረጃጅሞች ናቸው፤ አንዳንዶቹ ግን ከ20 እስከ 24 ፊደል ብቻ ያላቸው ትንንሾች ናቸው። ትንሹ ግልባጭ ምንም ዕቃ አያሠራም፤ ይልቁንም «ከእኔ ጋር የሚገጥም ጽሑፍ ያለበትን ግልባጭ ፈልጋችሁ ቅደዱ» የሚል ማዘዣ ነው። ግልባጩ ከተቀደደ ፕሮቲኑ አይሠራም፤ ጂኑም በመዝገብ ቤት እያለ ዝም እንዳለ ይቀራል።

የዚህ ዕውቀት አመጣጥ ራሱ የሚያስደንቅ ነው። በ1928 በአሜሪካ ዊንጋርድ የተባለ ሊቅ በቫይረስ የታመመ ትምባሆ ሲመረምር፥ የታችኞቹ ቅጠሎች ክፉኛ ታምመው ሳሉ ከላይ የበቀሉት አዳዲስ ቅጠሎች ጤነኞች ሆነው አገኛቸው። በዚያው ቫይረስ እንደ ገና ቢነካቸውም አልታመሙም። ተክሉ ጠላቱን ያስታወሰ ይመስል ነበር፤ ምክንያቱን ግን ያን ጊዜ ማንም አላወቀም። በ1990 ደግሞ ናፖሊና ጆርገንሰን የተባሉ ተመራማሪዎች የፔቱኒያን አበባ ሐምራዊ ቀለም ለማጠንከር የቀለሙን ጂን ቢጨምሩበት፥ አንዳንዱ አበባ ይባስ ብሎ ነጭ ሆኖ ወጣ። የተጨመረው ጂን የነበረውንም ዝም አሰኘው ማለት ነው።

ከዚህ በኋላ ምሥጢሩ እየተገለጠ ሄደ። በ1993 አምብሮስና ሩቭከን በአንዲት ትንሽ ትል ላይ የመጀመሪያውን ማይክሮ አርኤንኤ ማግኘታቸውን አስታወቁ፤ ለዚህም ሥራ በ2024 የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። በ1998 ፋየርና ሜሎ በዚያችው ትል ላይ፥ ድርብ ሆኖ የተጣመረ አርኤንኤ ጂንን ዝም እንደሚያሰኝ አሳዩ፤ እነርሱም በ2006 ተሸለሙ። በ1999 ሃሚልተንና ቦልኩም በእንግሊዝ አገር በተክል ውስጥ እነዚያን ትንንሽ አርኤንኤዎች ራሳቸውን አገኟቸው፤ ቫይረስ በያዘው ተክል ውስጥም ከቫይረሱ ጽሑፍ ጋር የሚገጥሙ ሆነው ተገኙ። የዊንጋርድ ትምባሆ መልሱን ያገኘ ከ70 ዓመት በኋላ ነው።

አሠራሩም እንዲህ ነው። ብዙዎቹ የተክል ቫይረሶች ራሳቸውን ሲያባዙ ድርብ አርኤንኤ ይፈጠራል። ዳይሰር የሚባለው የተክሉ ፕሮቲን ይህን ድርብ ክር እንደ መቀስ ቈራርጦ ትንንሽ ያደርገዋል። አርጎኖት የሚባለው ሌላ ፕሮቲን አንዱን ቍራጭ እንደ ናሙና ይይዝና በሕዋሱ ውስጥ እየዞረ ከናሙናው ጋር የሚገጥመውን የቫይረስ አርኤንኤ ሁሉ ይቈርጣል። ማዘዣውም ከሕዋስ ወደ ሕዋስ ስለሚተላለፍ፥ ገና ያልታመመው ቅጠል አስቀድሞ ይዘጋጃል።

በዚህ መንገድ የዳነ አዝመራ መኖሩን ሳነብ እጅግ ደስ አለኝ። በሐዋይ ደሴቶች የፓፓያ ዋና ማምረቻ በሆነው በፑና አውራጃ በ1992 የፓፓያ ቫይረስ ገባና የገበሬዎቹን ተክል ያጠፋ ጀመር። የዚያው አገር ተወላጅ የሆነው ዴኒስ ጎንሳልቭስ ከጓደኞቹ ጋር ሆኖ የቫይረሱን ሽፋን ከሚሠራው ጂን አንዱን ለፓፓያው ሰጠው፤ በ1998ም ሬይንቦው የተባለው ፓፓያ ዘሩ ለገበሬዎች ታደለ። በመጀመሪያ ፓፓያውን የሚጠብቀው የሽፋኑ ፕሮቲን ነው ተብሎ ይታሰብ ነበር። በኋላ ግን ጠባቂው አርኤንኤው መሆኑ ታወቀ፤ ፓፓያው የጠላቱን ጽሑፍ አስቀድሞ ስለ ያዘ ቫይረሱ ገና ሲገባ ይቈርጠዋል።

ትንንሾቹ አርኤንኤዎች የሚያዙት በጠላት ላይ ብቻ አይደለም፤ ያ የጠየቅሁት የዘበኛው አዛዥም ከእነርሱ ወገን ነው። ዘበኞችን ሁልጊዜ አስታጥቆ ማቆም ለተክሉ ብዙ ወጪ ነው፤ እድገቱንም ይጐዳል። በ2012 በቲማቲም ላይ እንደ ታየው፥ ሚአር 482 የሚባለው ማይክሮ አርኤንኤ በሰላም ጊዜ የብዙ ዘበኞችን ግልባጭ እየቀደደ ቍጥራቸውን ይቀንሳል። በሽታ ሲገባ ግን ማይክሮ አርኤንኤው ያንስና ዘበኞቹ ይነሣሉ። የሰላም ጊዜ ዝምታ ስንፍና አይደለም፤ ቁጠባ ነው።

እንግዲህ ይህን ሁሉ ተምሬ በግማሽ ዓመት ዕረፍት ወደ ቤቴ በሄድሁ ጊዜ ልቤ በደስታ ሞልቶ ነበር። እራት ከተበላ በኋላ በምድጃው ዙሪያ ተቀምጠን ሳለን «አባባ፥ ለዋግ እኮ መድኃኒት ተገኘ! ከእንግዲህ ወዲህ ስንዴው ራሱ ዋጉን ዝም ያሰኘዋል» አልኋቸው። ስለ ትምባሆውም፥ ስለ ፓፓያውም አንድ ሳላስቀር ተረክሁ። አባቴ እስክጨርስ በትዕግሥት አዳመጡኝ።

ከዚያም «መልካም ነው፤ ይህ ነገር ለስንዴ ሆኗል? ዘሩስ ከየት ይገኛል?» ብለው ጠየቁኝ።

የማውቀው ስለ ፓፓያ ነበርና የምመልሰው ጠፋኝ።

አባቴም ቀጥለው «ዋጉስ ዝም ብሎ ያያል? ዲገሉ በመጣም ጊዜ ከእንግዲህ ስጋት የለም ተብለን ነበር። የኔ ልጅ፥ ሌባ እኮ ቁልፍ በተለወጠ ቍጥር አዲሱን ቁልፍ ይማራል። ዋጉም ይማራል» አሉኝ።

ወንድም ጋሼ እሳቱን እየቈሰቈሰ ዝም ብሎ ነበር። በመጨረሻ ቀና ብሎ አየኝና «ያወቅሽውን ንገሪን እንጂ የተመኘሽውን አትንገሪን» አለኝ። ቍጣ አልነበረበትም፤ ስለዚህ ይበልጥ ጠለቀኝ። እኔ እንድማር ትምህርቱን የተወ ሰው፥ ከትምህርቴ ያመጣሁለት እውነት ሳይሆን የተስፋ ወሬ መሆኑን ሲያይ ምን ተሰማው? በዚያች ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ወደ ትምህርት ቤት ስመለስ ወደ መምህራችን ሄጄ የሆነውን ሁሉ ነገርኋቸው። እርሳቸውም «አባትሽ የጠየቁት ሊቃውንት የሚጠይቁትን ነው» ብለው የሚነበብ ነገር ሰጡኝ። ባነበብሁትም ጊዜ አባቴ ልክ መሆናቸውን አየሁ። ቫይረሶች የተክሉን መቀስና ናሙና ያዥ የሚያሰናክሉ ፕሮቲኖች አሏቸው። በ2013 ደግሞ ቦትራይቲስ የሚባለው፥ እንጆሪንና ቲማቲምን የሚያበሰብሰው ሻጋታ፥ የራሱን ትንንሽ አርኤንኤዎች ወደ ተክሉ ልኮ የተክሉን መከላከያ ዝም እንደሚያሰኝ ታወቀ። የስንዴ ዋግም ከዚህ አልቀረም። በ2017 ቢጫ ዋግ በትንሽ አርኤንኤ የስንዴውን አንድ የመከላከያ ጂን እንደሚያዳክም ተገለጠ። በ2019ም የግንድ ዋግ የተክሉን የዝምታ ሥራ የሚያሰናክል ፕሮቲን እንዳለው ተገለጠ። ያ ቀሚሴን ያቀላው አቧራ፥ እኔ መድኃኒት ብዬ የተመካሁበትን መሣሪያ አስቀድሞ ያውቀው ኖሯል!

ነገር ግን ተክሉም እንዲሁ እጁን አጣጥፎ አይቀመጥም። በ2016 ጥጥ በሥሩ በኩል ወደሚያጠቃው ፈንገስ ማይክሮ አርኤንኤ እንደሚልክ ታየ። ሰዎችም ይህን ተምረው በ2010 ገብስ የሚያጠቃውን ፈንገስ ጂን ዝም እንዲያሰኝ አደረጉት፤ በ2016 ድርብ አርኤንኤ በገብስ ቅጠል ላይ በመርጨት ፉዛሪየም የሚባለውን ፈንገስ አዳከሙት፤ በ2018ም የቅጠል ዋግን የሚከላከል ስንዴ በዚሁ መንገድ ሠርተው አሳዩ። ይሁን እንጂ በምርምር ቤት የታየ ነገርና በገበሬ ማሳ የሚቆም ነገር አንድ አይደሉም። የሚረጨው አርኤንኤ በፀሐይና በዝናም ቶሎ ይጠፋል፤ ዘሩም በብዙ ዓመትና በብዙ ቦታ መፈተን አለበት።

ከሁሉ ይልቅ ያጽናናኝ ግን ከአገራችን ገብስ የመጣ ነገር ነው። በ1930ዎቹ ከኢትዮጵያ ከተሰበሰቡት የገብስ ዘሮች መካከል፥ ቅጠልን ዱቄት የተነፋበት የሚያስመስለውን የሻጋታ በሽታ የሚችሉ ተገኙ። ይህ ሻጋታ ወደ ሕዋስ ለመግባት ኤምኤልኦ የሚባለው የገብሱ ጂን ያስፈልገዋል። በ2004 እንደ ተገለጠው፥ በኢትዮጵያው ገብስ ከዚህ ጂን ፊት ተደጋግሞ የገባ የዲኤንኤ ቍራጭ አለ። በዚህ ምክንያት የሚወጣው ግልባጭ ተበላሽቶ የማይሠራ ይሆናል፤ ትክክለኛውም ያንሳል። ስለዚህ ሻጋታው የሚገባበት በር ተዘግቶ ይቀራል። ይህ ጠባይ ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በአውሮፓ ገብስ ውስጥ ገብቶ ከ40 ዓመት በላይ ጸንቷል። ሌባው ቁልፍ ሊማር ይችላል፤ በሩ ራሱ ከሌለ ግን በቁልፉ ምን ያደርጋል? ይህ የገብስ ሻጋታ እንጂ ዋግ አለመሆኑን አልረሳሁም። ሆኖም ያን ዘር ከትውልድ ወደ ትውልድ ጠብቀው ያቆዩት እንደ አባቴ ያሉ ገበሬዎች መሆናቸውን ሳስብ ልቤ ይሞላል።

በፋሲካ ዕረፍት ወደ ቤት ስሄድ የምናገረውን በሦስት ከፍዬ ያዝሁ። መጀመሪያ፥ በእርግጥ የተሠራውን፤ ፓፓያውንና ገብሱን ነገርኋቸው። ሁለተኛ፥ ገና በሙከራ ላይ ያለውን፤ የዋግን ነገር አስረዳሁ። ሦስተኛ፥ «ዋጉም ይማራል ያሉት እውነት ነው» ብዬ የዋጉን ተንኰል ተረክሁላቸው። አባቴ በዚህ ላይ ሳቁ። «እንግዲህ እስከዚያ ድረስ የኔን መላ እይዛለሁ» አሉኝ። መላቸውም ይህ ነው፤ ከዚያ ከክፉው ዓመት ወዲህ ማሳውን ሁሉ በአንድ ዓይነት ዘር ሸፍነው አያውቁም፤ በየሳምንቱም አገዳውን ገለጥ አድርገው ያያሉ፤ ቀይ ነጠብጣብ ካዩ በዚያው ቀን ለግብርና ባለሙያው ይናገራሉ። እኔም ይህን ሰምቼ ከመጻሕፍቱ ጋር አስተያየሁትና አንዳችም የሚቃረን ነገር አላገኘሁበትም። ተመራማሪውም ቢሆን የሚለው ጠላትን በአንድ ቁልፍ አትጠብቅ ነው።

ይህን ጽሑፍ ለመጽሔቱ ከመስጠቴ በፊት አስቀድሞ ያነበበው ወንድም ጋሼ ነው። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አነበበና አንድ ነገር ብቻ አረመኝ። «ቀሚስሽ የቀላው ከወገብ በታች አልነበረም፤ እስከ አንገትሽ ነበር። እኔ ነኝ ያጠብሁት» አለኝ። ስለ ወገብ የጻፍሁትን ሰረዝሁት። ያወቁትን መናገር እንዲህ ከትንሹ ነገር ይጀምራል።

ጓደኞቼ ሆይ፤ ከመካከላችን ብዙዎቻችን የገበሬ ልጆች ነን። በዚህ ትምህርት ቤት የምንማረው ነገር አንድ ቀን ወደ ማሳው መመለስ አለበት። በቁሉምሳም ሆነ በሌላ የምርምር ቦታ የስንዴውን ትንንሽ መልእክቶች የሚያነቡ ሰዎች ከእኛው መካከል እንዲነሡ እመኛለሁ፤ እኔም ይህን ለመማር ቈርጫለሁ። ነገር ግን ወደ ወላጆቻችን ስንመለስ የተሠራውን የተሠራ፥ ያልተሠራውንም ያልተሠራ ብለን እንንገራቸው። አንድ በሬ ሸጠው፥ አንድ ልጅ ከትምህርት አስቀርተው ለላኩን ሰዎች ከዚህ ያነሰ መልስ አይገባቸውም።